ጦርነቱን ላላወረስከን አባቴ

ይድረስ፦ አዋሽ አርባ «ሃምሳ አለቃ» እያለች ላከበረችህ፣ እኛ ልጆችህ «አባዬ» እያልን ለጠራንህ፣ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑርልን እላለሁ። ሰመራ ትምህርት ላይ ሳለሁ በሾፌሮች እጅ የምትልክልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ በጤና ጥያቄ ነበር የሚጀምሩት፤ እኔም ወጉን አላፈርስም። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ቤቷን ራሷ ታስተዳድራለች፤ የሰንበት ቡናዋም አልተቋረጠም። ታናሽ ወንድሜ የጎማ ቤቱን አልዘጋውም። ክሪኩም መፍቻዎቹም አንተ ባስቀመጥክበት ቦታ ናቸው። ከጅቡቲ የሚመጡ ሾፌሮች ዛሬም ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ «ሃምሳ አለቃ አለ?» ብለው ይጣራሉ። ያልሰሙት ሲነገራቸው ሞተራቸውን አጥፍተው ይወርዱና እማዬ ዘንድ ገብተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏታል። አንዳንዶቹ አረፍ ብለው ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም።

ይህን ደብዳቤ ለአንተ ብቻ ልጽፈው እችል ነበር። ሌላውም ሰው እንዲያነበው የፈለግሁት እንዳንተ ያሉ አባቶች በዚህች አገር ብዙ ስለሆኑ ነው። በጦር ሰፈር ዙሪያ በተቆረቆሩ ከተሞች፣ በየአውራ ጎዳናው ዳር፣ አንድ ዘመን መለዮ ለብሰው የዘመቱ፣ ኋላ ደግሞ ዘበኛ፣ ሾፌር፣ አናጢ፣ ጎሚስታ ሆነው ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አሉ። ስማቸው ከተነሣ የሚነሣው ከተዋጉበት ግንባር ጋር ነው። ከዚያ ወዲህ የኖሩትን ሠላሳና አርባ ዓመት ጀግንነት ብሎ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ዓይኔን ከፍቼ ያየሁት ግን ያንን ዘመንህን ነው፤ ላመሰግንህ የምፈልገውም ስለ እሱ ነው። በሦስት ጦርነቶች ውስጥ አልፈሃል። ከሦስቱ አንዱንም በራችንን አሻግረህ ወደ ቤት አላስገባህም። የምንጠላው ሕዝብ ሳትሰጠን አሳደግከን። ይህ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደነበረ የገባኝ እኔም ወልጄ ማሳደግ ስጀምር ነው።

የመርሐ ቤቴ ገበሬ ልጅ ነበርክ። በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከመንደርህ ልጆች ጋር ተነሥተህ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባህ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ኦጋዴንን ወረረ፤ በነሐሴ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። በእኛ በአዋሽ በኩል አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የባቡር መስመርም ተቆረጠ። አንተና ጓደኞችህ በሐረር በኩል ወጣችሁ፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ስትመለስ በካራማራ ከነበሩት አንዱ ነበርክ።

በየዓመቱ ያ ቀን ሲታሰብ ሬዲዮው ስለ ታንኮቹና ስለ ጄቶቹ ያወራል። እኛም ካጠገብህ ተቀምጠን «አባዬ፣ ካራማራ እንዴት ነበር?» እንልሃለን። አንተ የምትነግረን ስለ ሁለት ሰዎች ነበር። አንደኛው የመንደርህ ልጅ ነው፤ ከውጊያው በፊት የቀረችውን ቆሎ ለሁለት ከፍሎ የሚበልጠውን ለአንተ ሰጠህ፣ እሱ ግን ከዚያ ተራራ አልተመለሰም። ሁለተኛው ኩባዊ መካኒክ ነው፤ ቋንቋ ሳትግባቡ በጣቱ እያሳየ ሞተር መፍታትና መግጠም ያስተማረህ። «እናንተ የበላችሁት እንጀራ ሁሉ የዚያ ሰው እጅ አለበት» ትለን ነበር።

መጀመሪያ አዲስ አበባን ስታሳየን የወሰድከን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለው የትግላችን ሐውልት ነው። እዚያ የወደቁት ኩባውያን ፎቶ ተደርድሯል። ባርኔጣህን አውልቀህ እያንዳንዱን ፊት ትኩር ብለህ ስታይ ቆየህ፤ መካኒክህን እየፈለግህ ነበር። ጨርሰህ ስታጣው ፊትህ በራ። «እንኳን እዚህ የለ! አገሩ ገብቷል ማለት ነው» አልከን። ድል ማለት ለአንተ ማን በሕይወት ወደ ቤቱ ገባ ማለት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። ካራማራን በዚህ መንገድ ስላስተማርከን አመሰግንሃለሁ። ኩራቱን ሰጠኸን፤ ቂሙን ግን ለራስህ አስቀርተህ ቀበርከው። ከጅጅጋ የመጡ የሶማሌ ነጋዴዎች ጎማ ሊያሠሩ ሲመጡ በሶማልኛ ሰላም ስትላቸውና አብራችሁ ሻይ ስትጠጡ እያየሁ ነው ያደግሁት።

በ1983 ዓ.ም. አሰብ ነበርክ፤ በመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ሃምሳ አለቃ። ግንቦት 13 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ወጡ። በተከታዮቹ ጥቂት ቀናት አሥመራም አሰብም ከሠራዊቱ እጅ ወጡ። የሚያዝዝ አልነበረም፤ የሚታዘዝም አልነበረም። አንዳንዱ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ ገባ። አንተ የአሰብን መንገድ ይዘህ ወደ መሐል አገር አቀናህ። ግንቦትና ሰኔ በአፋር ምድር ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን፣ ዶቢን፣ ሰርዶን፣ ገሚሱን በእግርህ ገሚሱን በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለህ አለፍክ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዘመን አልነገርከንም። እኔ የሰማሁት በ2003 ዓ.ም. ሰመራ ዩኒቨርሲቲ በተመደብኩ ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ እማዬ ሩቅ ነው ብላ ሆዷ ባባ። አንተ የጎማ ቤቱን ዘጋህና «እኔ አደርሳታለሁ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አልክ። ከአዋሽ አርባ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመስኮቱ በኩል አስቀምጠኸኝ መንገዱን ወደ ኋላ ትተርክልኝ ጀመር። ገዋኔ ስንደርስ የአያሉን ተራራ አሳየኸኝና በዚያ ሥር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ያለ ክፍያ እንደጫነህ ነገርከኝ። አዳይቱ ላይ ውኃ ያጠጣችህን ሴት፣ ሚሌ ላይ የተቀደደ ጫማህን አይታ የባሏን ሸበጥ የሰጠችህን ባለ ሻይ ቤት አነሣህ። ሰመራ ደርሰን ዕቃዬን አውርደን ስንጨርስ፣ በዚያ ጠራራ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ጠቆምክ፦ «ከዚያ ወዲያ ሰርዶ አለ። እኔ ዛሬ አባትሽ ልሆን የቻልኩት እዚያ ነው።»

ሰርዶን ሳታልፍ ወድቀህ ያገኘህ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበር። ግመሎቹን እየነዳ ነበር። ጥላ ሥር ወስዶ አስቀመጠህና መጀመሪያ ወተት አጠጣህ። ከዚያ በአፋር ወግ በዳጉ ዜና ጠየቀህ፤ ከየት እንደመጣህ፣ መንገድ ላይ ምን እንዳየህ፣ ውኃ የት እንዳለና የት እንደሌለ፣ ከኋላህ ስንት ሰው እየመጣ እንደሆነ። አንተም በተሰባበረ ቋንቋ የምታውቀውን ነገርከው። እሱ ደግሞ የሰማውን ይዞ ልጁን ወደ ኋላ ላከው፤ ልጁ ከአንተ በኋላ የሚመጡትን ውኃ ይዞ እንዲጠብቃቸው። «ጠመንጃዬን አልጠየቀኝም፤ የየት ሰው ነህም አላለኝም» አልከኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአፋር ሰው ጎማ ሊያሠራ ሲመጣ ዋጋ ከመንገርህ በፊት አረፍ አድርገህ ዜና የምትጠይቀው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ቋንቋውንም ተምረህ ለእኛም አስተማርከን። ሰመራ አራት ዓመት ስማር በአፋርኛ ሰላም የምትል የመሐል አገር ልጅ ተብዬ ስንት ቤት እንደተጋበዝኩ አንተ ታውቃለህ። ያ የሽማግሌውን ወተት ጠጥተህ ለእኔ ያቆየህልኝ ውርስ ነበር።

አንተ ከአሰብ በተመለስክበት ዓመት የቀድሞው ሠራዊት ፈረሰ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ወታደር በአንድ ጊዜ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማዕረግ፣ አብዛኛውም ሌላ ሙያ ሳይኖረው ቀረ። መንግሥት በሰኔ 1983 ዓ.ም. የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። ወታደሩ በየማሠልጠኛው ተሰብስቦ ተመዘገበ፣ የመንገድ ስንቅ ተሰጥቶት ወደየትውልድ ቦታው ተሸኘ። አንተም ተመዝግበህ ወደ መርሐ ቤቴ ተመለስክ። አባትህም እናትህም አልጠበቁህም፤ መሬቱም በሌላ እጅ ነበር። በዚያ ጊዜ ትዝ ያለህ አዋሽ አርባ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ በጉዞህ መጨረሻ ዳቦና ሻይ አብልቶህ «ሥራ ካጣህ ተመለስ» ያለህ ቃል ነው። ተመለስክ። ሽማግሌው ቃሉን አላጠፈም፤ አንተም እስኪሞት ድረስ ልጅ ሆነህ ጦርከው።

እማዬን ያገኘሃት ያን ጊዜ ነው። እሷ በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ሊሠሩ ከመጡ ሰዎች የተወለደች፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ልጅ ነበረች። በቤተሰቦቿ ዘንድ የቀድሞ ወታደር መሆንህ ያኔ ዋጋህን ዝቅ የሚያደርግ ነገር ነበር። «አገር ያጣ ሰው» ብለው የሰጉ ነበሩ። ሽማግሌ ሆኖ የሄደልህ ጎሚስታው ነው፤ እማዬ እንደምትለው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው የሰው ጎማ ሞልቶ ሳያየው ተኝቶ አያውቅም።» ተፈቀደልህ።

የጎማ ሥራ ለአንተ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይከብድ እንደነበር የተረዳሁት ከፍ ስል ነው። ያኔ በመንገዱ የሚመላለሱት ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪናዎች ነበሩ፤ ከባድ ጎማ ሲነፋ አንዳንዴ ይፈነዳል። ፍንዳታው የመንደሩን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። አንተ ግን አትጮህም፣ አትሮጥም፤ ባለህበት ትቆማለህ፤ ከንፈርህ እየተንቀሳቀሰ ለራስህ ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለህ ሥራህን ትቀጥላለህ። ሌሊትም እንቅልፍህ ቀላል ነበር። ነጎድጓድ ባለበት ሌሊት ከሽቦ አልጋህ ተነሥተህ ደጅ ስትቆም እማዬ ነጠላዋን ደርባ ወጥታ ዝም ብላ አጠገብህ ትቆማለች። ያ ሁሉ በውስጥህ እያለ አንድ ቀን እንኳ በእኛ ላይ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አልተናገርክም። ጎረቤቶቻችን በኩርኩምና በአለንጋ ሲያሳድጉ «የወታደር ቤት እንዴት እንዲህ ፀጥ ይላል?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ስጠይቅህ እንዲህ አልከኝ፦ «እኔ የጩኸት ድርሻዬን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝን ለእናንተ ቀስ ብዬ ነው የምናገረው።» ስለዚያ ቀስ ያለ ድምፅ አመሰግንሃለሁ። ዛሬ ልጄ ሲያጠፋ በእኔ አፍ የሚናገረው እሱ ነው።

ስለ እጆችህም ላመሰግንህ እፈልጋለሁ። ማታ ከሥራ ስትመለስ ቅባቱን በናፍጣ አስለቅቀህ፣ ከዚያ በኦሞ፣ ከዚያ በሳሙና ሳትታጠብ ደብተራችንን አትነካም ነበር። በማሾ ብርሃን የማባዛት ሠንጠረዥ ታስጠናናለህ። አንተ የተማርከው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻና በጦሩ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የማታውቀው ትምህርት ሲመጣ አትሸሽም፤ «አንቺ አስተምሪኝ» ትለኛለህ። እኔ ለአንተ ለማስረዳት ስል ሒሳብን ወደድኩ። መምህርት የሆንኩትም በዚያ ምክንያት ነው። እማዬ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሽሮ ሠርተህ፣ ልብሳችንን አጥበህ፣ በጦር ሰፈር ሥርዓት አጣጥፈህ፣ ጠዋት ፀጉሬን ራስህ አበጥረህ ጎንጉነህ ትምህርት ቤት አደረስከኝ። ጉንጉኑ ጠብቆ ቅንድቤን ይወጥረኝ ነበር፤ አልነገርኩህም፤ በከተማው ውስጥ አባቷ ፀጉሯን የሠራላት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሳይፈታብኝ እንዲሰነብት እፈልግ ነበር። ሌሊት ለተሰበረ መኪና ተነሥተህ ብታድርም ጠዋት እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ ከእኛ ጋር መሄድን አልተውክም። ሌሎች አባቶች ገንዘባቸውን ሲቆጥሩ አንተ የምትቆጥረው በሰልፉ ውስጥ የቆምነውን ልጆችህን ነበር።

ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. መጣ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ የጭነት መኪናው ሁሉ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሙያ ያላቸው የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተጠሩ፤ አንተም ተጠራህ። ወጣት አልነበርክም፤ ሚስትና ልጆች ነበሩህ፤ ያ ሠራዊት ሲፈርስ ማንም ያላስታወሰህ ሰው ነበርክ። ሄድክ። ቡሬ ግንባር፣ በእግርህ ባለፍክበት በዚያው መንገድ ላይ፣ መኪና ስትጠግን ቆየህ። እኔ ገና ትምህርት ቤት የገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ ደብዳቤህ ሲመጣ እማዬ ጮክ ብላ ታነብልናለች። ስለ ውጊያ አንድ ቃል አልነበረውም። ሙቀቱን፣ የውኃውን ጣዕም፣ «የልጆቹን ጫማ ቁጥር ላኪልኝ» የሚለውን ትጽፍ ነበር። ቁጥሩን ላክንልህ፤ ስትመለስ ግን እግራችን ከላክንልህ ቁጥር አልፎ ነበር። ጫማዎቹን እማዬ እስከ ዛሬ በሣጥኗ አስቀምጣቸዋለች።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ድንበሩ ግን ዝግ ሆኖ ቀረ። ከተመለስክ በኋላ ሰዎች ወሬ ሊሰሙ ሲሰበሰቡ፣ ከማዶ ስለነበሩት ሲጠይቁህ፣ «አሰብ ሳለሁ ጎረቤቶቼ ነበሩ፤ ልጆቻቸው በትከሻዬ ላይ ያደጉ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የትኛው ከፊቴ እንደነበረ አላውቅም» አልካቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀህም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የቡሬ ድንበር ሲከፈት፣ የሁለቱ አገር ወታደሮች አዲሱን ዓመት አብረው ሲያከብሩ፣ ቤታችን በቴሌቪዥን ስናይ አንተ ወንበርህን ወደ ስክሪኑ አስጠጋህ። የእንቁጣጣሹ ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ አልበላህም። እንባህ ሲወርድ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቀን ሰው ይጨፍራል ብዬ አላሰብኩም ነበር» አልክ። በዚያ ቦታ ጓደኞችህን የቀበርክ ሰው ለሰላሙ ከሁላችንም ቀድመህ ደስ አለህ። ሰላም ያሸነፈ ሰው የሚያገኘው ሽልማት ይመስለኝ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የሚርበው የተዋጋው ሰው እንደሆነ አንተ አሳየኸኝ።

አዋሽ አርባ የጦር ማሠልጠኛ ያላት ከተማ ናት። በየጊዜው ልጅ እግር ሠልጣኞች ይመጣሉ፤ ፊታቸው በፀሐዩ ተልጦ፣ ጫማቸው ገና ሳይለሰልስ። ፈቃድ አግኝተው በጎማ ቤቱ ሲያልፉ ታስቆማቸዋለህ። ቀዝቃዛ ውኃ ትሰጣቸዋለህ። ሌላው ሰው ስለ ጀግንነት ሲነግራቸው አንተ የምትጠይቃቸው «ለእናትህ ደውለሃል?» ነበር። ካልደወሉ የራስህን ስልክ ትሰጣቸዋለህ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ አፋር ዘልቆ ጭፍራና ካሳጊታ ሲደርስ፣ ከእነዚያ ልጆች ስንቱ እዚያ እንደነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። በዚያ ጊዜ ሰፈራችን ውስጥ ቃላት በጣም ከብደው ነበር። በአንተ ጎማ ቤት ጥላ ሥር ግን ሕዝብን የሚሰድብ ሰው አይቀመጥም ነበር፤ በአፋርኛም በአማርኛም «እዚህ ሥራ ላይ ነን» ብለህ ታስነሣዋለህ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም እንደ ቡሬው ቀን አላለቀስክም፤ «አሁን ደግሞ ልጆቹን ወደ ቤት መልሱ» ብቻ አልክ።

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ ምድር መንቀጥቀጥ ሲጀምር አቅምህ ደክሞ ነበር። ታኅሣሥ 26 ሌሊት ከትልልቆቹ አንዱ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሰማሁት የአንተን ድምፅ ነው፤ ያ ቀስ ያለ ድምፅህ። በየበሩ እያለፍክ «ተነሡ፤ አትሩጡ፤ አሮጊቶቹን ያዙ» ትል ነበር። ሰፈሩን ወደ ሜዳው አወጣህ፤ ከዚያ ሳትቀመጥ ስም እየጠራህ ቆጠርክ። የጎደለ አልነበረም። ሌሊቱን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ደጅ ስናድር ልጄን በጉያህ ይዘህ ስለ ግመሎች ተረት ነገርከው፤ እሱ ያን ሌሊት የሚያስታውሰው በመንቀጥቀጡ ሳይሆን በተረቱ ነው። ለሦስተኛ ትውልድ ፍርሃት እንዳይተላለፍ በመጨረሻ አቅምህ ቆምክ።

በዚያው ዓመት ክረምት አረፍክ። በቀብርህ ላይ የእድሩ ሰው፣ የቀድሞ ሠራዊት ጓደኞችህ፣ ሾፌሮቹ፣ የአፋር ሽማግሌዎች፣ የጎማ ሥራ ያስተማርካቸው ልጆች ነበሩ። በሕይወት ሳለህ ሜዳሊያ ደረትህ ላይ አላየንም፤ ያን ቀን ግን ማን እንደነበርክ የሚመሰክር ሕዝብ በየቋንቋው ሲያለቅስልህ ሰማን።

አባዬ፣ የማመሰግንህ በቃላት አያልቅም፤ ዋናውን ግን ልጻፈው። ከጦርነት ራስህን ብቻ ይዘህ እንድትመለስ፣ የቀረውን ከበር ውጭ እንድትተው ስለ ተጋህ አመሰግንሃለሁ። ስቃይህን በአንተ ብቻ አስቀርተህ ለእኛ የሰዎችን ደግነት ስለ ተረክህልን አመሰግንሃለሁ። እማዬን ስላከበርካት፣ ወንድሞቼ ሴትን ማክበር ከአንተ አይተው ስላደጉ አመሰግንሃለሁ። መንግሥት ሲለዋወጥ አገርህን ሳትጠላ፣ አገርህን ስትወድ ደግሞ ሌላውን ሕዝብ ሳትጠላ መኖር እንደሚቻል በዕድሜህ ሙሉ ስላሳየኸን አመሰግንሃለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታነቡ፣ የቀድሞም የዛሬም ወታደር አባት ያላችሁ ልጆች፤ አባታችሁ በሕይወት ካለ አጠገቡ ተቀመጡ። ስንት ሰው ገደልክ ብላችሁ አትጠይቁት። ማን ውኃ አጠጣህ፣ ማን ከመንገድ አነሣህ፣ ማን ቆሎውን አካፈለህ ብላችሁ ጠይቁት። ከተመለሰ በኋላ እናንተን ለማሳደግ ያሳለፈውን እያንዳንዱን ጠዋት አስታውሱና ስለ እሱ አመስግኑት። ግንባር ላይ ያገኘው ማዕረግ በወረቀት ተጽፏል፤ ቤት ውስጥ ያገኘውን የምትጽፉለት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እኔም በክፍሌ ውስጥ የአፋርም፣ የአማራም፣ የኦሮሞም፣ የሶማሌም፣ የትግራይም ልጆች አስተምራለሁ። ታሪክ በሚነሣበት ጊዜ ካራማራንም አሰብንም ቡሬንም አልደብቃቸውም፤ የምነግራቸው ግን አንተ በነገርከኝ መንገድ ነው። ልጄም ስሙ ሲጠራ የአንተ ስም ይከተለዋል። ከአንተ የወረስኩትን ሳልቀንስ ለእሱ አወርሰዋለሁ፤ ጦርነቱ ግን በአንተ ላይ አብቅቷል።

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አባዬ።

አክባሪህና ወዳጅህ ልጅህ፣
አዋሽ አርባ፣ 2018 ዓ.ም.